የመርሳት በሽታን ከመነሻው የሚፈልግ ምርምር፦ የፕሮፌሰር ዮናስ ገዳ ጥናቶችና ለሐረር ያላቸው ትርጉም

በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የማስታወስና የማሰብ ችሎታን ደረጃ በደረጃ ከሚያሳጡ ሕመሞች ጋር እንደሚኖሩ የዓለም የጤና ድርጅት መረጃ ያመለክታል። ከእነዚህም መካከል ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ ሲሆን፣ ከ60 እስከ 70 በመቶ ለሚሆነው ሕመም መንስኤው አልዛይመር የተባለው በሽታ እንደሆነ ይገመታል። በሽታው ለረጅም ዘመን የባለጸጋ አገሮች ችግር ተደርጎ ሲታይ ቢቆይም፣ ዕድሜ እየረዘመ በሄደባቸው ታዳጊ አገሮችም የጤናና የማኅበራዊ ዋስትና ጥያቄ እየሆነ መጥቷል።

በዚህ መስክ ስማቸው ከሚጠቀሱ ተመራማሪዎች መካከል ትውልደ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ዮናስ ገዳ አንዱ ናቸው። የአእምሮ ሕክምናንና የነርቭ ሕክምናን አጣምረው የያዙት ፕሮፌሰር ዮናስ፣ አብዛኛውን የምርምር ዘመናቸውን ያሳለፉት በአሜሪካ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ነው። በመጀመሪያ በሚኒሶታ ግዛት ሮቸስተር ከተማ፣ በኋላም በአሪዞና ግዛት በሚገኘው የክሊኒኩ ቅርንጫፍ ሲሠሩ ቆይተው፣ በፊኒክስ ከተማ ወደሚገኘው ባሮው የነርቭ ሕክምና ተቋም ተዛውረዋል።

የጥናቶቻቸው ዋነኛ ፍሬ ነገር በሁለት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛው፣ ስለ አልዛይመር ሊታሰብበት የሚገባው ዘመን የእርጅና ዘመን ብቻ ሳይሆን ሰው ገና በሥራ ላይ ያለበት የጎልማሳነት ዕድሜ ጭምር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ይህን ለማወቅ ያስቻለው ውድ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ለበርካታ አሥርት ዓመታት በአግባቡ የተያዘ የአንድ አካባቢ ሕዝብ መዝገብ መሆኑ ነው። ጥናቶቹ የተካሄዱት በአሜሪካ ቢሆንም፣ ሁለቱም ነጥቦች እንደ ሐረር ላሉ የኢትዮጵያ ከተሞች የሚጠቅም ትምህርት አላቸው።

በሽታው ምንድን ነው?

በሽታው ስያሜውን ያገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1901 በፍራንክፈርት ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል አውጉስተ ዴተር የተባለችና የ51 ዓመት ዕድሜ የነበራት ሴት መርምሮ ነበር። ታማሚዋ የማስታወስ ችሎታዋ የተዳከመ፣ ጠባይዋ የተለወጠና በጥርጣሬ የተዋጠች ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1906 ስትሞት ሐኪሙ አንጎሏን በአጉሊ መነጽር ከመረመረ በኋላ፣ ያገኘውን ለውጥ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በቱቢንገን ለተሰበሰቡ የሙያ ጓደኞቹ አቀረበ። በሽታው በአልዛይመር ስም እንዲጠራ ያደረገው ኤሚል ክሬፕሊን የተባለው የአእምሮ ሐኪም ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1910 ነበር።

በበሽታው የተያዘ አንጎል ሁለት ዋና ዋና ምልክቶች ይታዩበታል። የመጀመሪያው አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን በነርቭ ሕዋሳት መካከል መከማቸቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ታው የተባለው ፕሮቲን በሕዋሳቱ ውስጥ እንደ ክር መጠላለፉ ነው። በዚህም ምክንያት ሕዋሳቱ እርስ በርስ የሚያደርጉት ግንኙነት እየተቋረጠ ይሄዳል፤ ውሎ አድሮም ይሞታሉ። እነዚህ ለውጦች ምልክቱ በግልጽ ከመታየቱ ከ15 እስከ 20 ዓመት አስቀድመው ሊጀምሩ እንደሚችሉ ተረጋግጧል። በ75 ዓመት ዕድሜ የሚታይ ሕመም በ55 ዓመት ዕድሜ ተጀምሮ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በአገራችን የአረጋውያን የማስታወስ ችግር በአብዛኛው “መጃጀት” እየተባለ እንደ ተፈጥሮ ግዴታ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ በእርጅና ምክንያት የሚመጣ ተራ መርሳትና በሽታ የተለያዩ ናቸው። ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ ለጊዜው የረሳ ሰው ቆይቶ ሊያስታውስ ይችላል። ቁልፉ ለምን እንደሚያገለግል ግራ የገባው፣ ለዓመታት ከተመላለሰበት መንገድ ላይ የጠፋ፣ ወይም ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት የጠየቀውን ደጋግሞ የሚጠይቅ ሰው ግን ምርመራ ያስፈልገዋል። ከዚህም ሌላ የማስታወስ ችግር በታይሮይድ ዕጢ መታወክ፣ በቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ በአንዳንድ መድኃኒቶችና በድባቴ ሊመጣ ስለሚችልና ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሊታከሙ ስለሚችሉ፣ “ዕድሜው ነው” ብሎ ማለፍ ሊድን የሚችልን ሰው ያለ ሕክምና መተው ሊሆን ይችላል።

በጤንነትና በሕመም መካከል ያለው ደረጃ

እስከ 1990ዎቹ ዓመታት ድረስ አብዛኛው ጥናት ያተኮረው በሽታው በግልጽ በታወቀባቸው ሕሙማን ላይ ነበር። በማዮ ክሊኒክ የሚሠሩት ዶክተር ሮናልድ ፒተርሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ ግን በጤናማ እርጅናና በበሽታው መካከል ያለውን ደረጃ በዝርዝር አሳዩ። ይህም መለስተኛ የአእምሮ ብቃት መቀነስ የሚባለው ደረጃ ነው። በዚህ ደረጃ የሚገኝ ሰው የማስታወስ ወይም የማሰብ ችሎታው ከዕድሜ እኩዮቹ ያነሰ መሆኑ በፈተና ይታወቃል፤ የዕለት ኑሮውን ግን ያለ ሰው ድጋፍ ያካሂዳል።

በክሊኒክ ከሚታዩ የዚህ ችግር ተጠቂዎች መካከል በየዓመቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ወደ ከፋው ደረጃ እንደሚሸጋገሩ ጥናቶች ያመለክታሉ። በጤናማ አረጋውያን ዘንድ ያለው መጠን በዓመት ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ሁኔታው ሳይባባስ የሚቆይላቸው፣ አልፎ ተርፎም ወደ ጤናማው ደረጃ የሚመለሱ ሰዎች አሉ። ፕሮፌሰር ዮናስ ምርምራቸውን ያሳረፉት በዚህ መካከለኛ ደረጃ ላይ ነው። ጥያቄያቸውም ከጤናማዎቹ አረጋውያን መካከል ወደዚህ ደረጃ የሚገቡት እነማን ናቸው? የማይገቡትስ በምን ይለያሉ? የሚል ነው።

አንድ ወረዳን ያህል የተያዘ መዝገብ

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ወደ ክሊኒክ የሚመጡ ሕሙማንን ብቻ መመርመር በቂ አይደለም። ወደ ሕክምና የሚመጣው የታመመው፣ አቅም ያለው ወይም ቤተሰቡ የተጨነቀለት ሰው ነውና። የአንድን ሕዝብ ትክክለኛ ገጽታ ለማወቅ ከሕዝቡ ውስጥ ሰዎችን በዕጣ መርጦ ለዓመታት መከታተል ያስፈልጋል።

ማዮ ክሊኒክ ይህን ማድረግ የቻለው አስቀድሞ የተዘረጋ የመዝገብ ሥርዓት ስለነበረው ነው። ሄንሪ ፕለመር የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1907 የእያንዳንዱ ታካሚ መረጃ በአንድ ቁጥርና በአንድ ማኅደር እንዲጠቃለል አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ ዶክተር ሌናርድ ከርላንድ በኦልምስተድ አውራጃ የሚገኙ የሕክምና ተቋማት መዝገቦች እንዲተሳሰሩ የሚያደርገውን የሮቸስተር ኤፒዴሚዮሎጂ ፕሮጀክት መሠረቱ። በዚህ መሠረት ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 የማዮ ክሊኒክ የእርጅና ጥናት ተጀመረ። መጀመሪያ ከ70 እስከ 89 ዓመት ዕድሜ ያላቸው የአውራጃው ነዋሪዎች ከመዝገብ በዕጣ ተመርጠው የተካተቱበት ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ ወጣት የዕድሜ ክልሎችንም እንዲያካትት ተደርጓል።

ተሳታፊዎቹ በነርስ ይጠየቃሉ፤ በሐኪም ይመረመራሉ፤ የማስታወስ፣ የቋንቋ፣ የትኩረትና የቦታ ግንዛቤ ፈተና ይሰጣቸዋል። የቅርብ ቤተሰባቸውም ስለ ጠባያቸውና ስለ ኑሯቸው ይጠየቃል። በመጨረሻም ባለሙያዎቹ በጋራ ተወያይተው ውሳኔ ይሰጣሉ። ይህ በየ15 ወሩ ገደማ እየተደጋገመ በመካሄዱ ማን በጤንነት እንደቀጠለ፣ ማንስ እንደተለወጠ ለማወቅ ተችሏል። የፕሮፌሰር ዮናስ ዋና ዋና ግኝቶችም የተገኙት ከዚሁ ጥናት ነው።

የጠባይ ለውጥ እንደ ማስጠንቀቂያ

ፕሮፌሰሩ የአእምሮ ሐኪምም በመሆናቸው፣ ከመርሳት ባሻገር የስሜትና የጠባይ ለውጦችን በጥልቀት ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት 840 አረጋውያንን የተከታተሉ ሲሆን፣ ድባቴ የያዛቸው ሰዎች ወደ መለስተኛው ደረጃ የመግባት ዕድላቸው ካልያዛቸው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት ጉዳዩን ይበልጥ ያብራራል። በዚህ ጥናት በመነሻው አእምሯቸው ጤናማ የነበረ 1 ሺህ 587 አረጋውያን ለአምስት ዓመት ያህል ክትትል የተደረገላቸው ሲሆን፣ 365ቱ ወደ መለስተኛው ደረጃ ገብተዋል። ቀድሞ የመረበሽና የመቆጣት ጠባይ የታየባቸው ሰዎች ሥጋት ካልታየባቸው በሦስት እጥፍ ገደማ፣ ለነገሮች ፍላጎት ያጡ ሰዎች ሥጋት ደግሞ ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። ጭንቀት፣ ብስጭትና ድባቴም እንደየደረጃቸው ሥጋቱን ከፍ የሚያደርጉ ሆነው ተገኝተዋል።

ይህ ግኝት በቤተሰብ ዘንድ የሚዘወተረውን አመለካከት ይመለከታል። ከዚህ በፊት ተግባቢ የነበሩ አባት ከሰው መራቅ ሲጀምሩ ወይም ትዕግሥተኛ የነበሩ እናት በትንሹ የሚቆጡ ሲሆኑ፣ ቤተሰቡ የሚሰጠው ትርጉም በአብዛኛው “ጠባያቸው ተበላሸ” የሚል ነው። ጥናቱ የሚለው ለውጡ አዲስ ከሆነና ከቆየ እንደ ነቀፋ ምክንያት ሳይሆን እንደ ሕመም ምልክት ሊታይና ሐኪም ዘንድ ሊቀርብ እንደሚገባ ነው።

የእጅ ሥራ፣ ንባብ፣ ጨዋታና እርምጃ

ሁለተኛው የምርምር አቅጣጫ የዕለት ተዕለት ተግባራትን የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናት 1 ሺህ 324 ሰዎች ስለ አካል እንቅስቃሴያቸው ተጠይቀዋል። ከ50 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ ፈጠን ያለ እርምጃ ያደርጉ የነበሩ ሰዎች፣ መለስተኛው የአእምሮ ብቃት መቀነስ የመታየቱ ዕድል ከሌሎቹ በ39 በመቶ ያነሰ ነበር። በእርጅና ዘመናቸው ለሚንቀሳቀሱት ልዩነቱ 32 በመቶ ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ሌላ ጥናት መጽሐፍ ማንበብን፣ ጨዋታ መጫወትን፣ ኮምፒውተር መጠቀምንና የእጅ ሥራ መሥራትን የተመለከተ ሲሆን፣ ከእነዚህ ተግባራት ጋር የተያያዘው የሥጋት መቀነስ ከ30 እስከ 50 በመቶ እንደሚደርስ አሳይቷል። በ2013 የታተመው ጥናት ደግሞ ከመጠን በላይ መመገብን የሚመለከት ሲሆን፣ በቀን ከ2 ሺህ 143 ካሎሪ በላይ የሚወስዱ አረጋውያን በትንሹ ከሚመገቡት ጋር ሲነጻጸሩ ችግሩ የመታየቱ ዕድል ወደ ሁለት እጥፍ የተጠጋ መሆኑን አመልክቷል።

እነዚህ ጥናቶች ተሳታፊዎችን በአንድ ወቅት ብቻ የጠየቁ ስለነበሩ በቂ አልነበሩም። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2017 ዶክተር ያኒና ክሬል ሬሽ፣ ፕሮፌሰር ዮናስና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት 1 ሺህ 929 ጤናማ አረጋውያን ለአራት ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎላቸዋል። በሳምንት ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ኮምፒውተር የሚጠቀሙት ሥጋታቸው በ30 በመቶ፣ የእጅ ሥራ የሚሠሩት በ28 በመቶ፣ ከሰው ጋር የሚገናኙት በ23 በመቶ፣ ጨዋታ የሚጫወቱት ደግሞ በ22 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ለበሽታው የሚያጋልጠውን የዘር ቅንጣት የተሸከሙ ሰዎች ሥጋታቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ቢሆንም፣ አንዳንዶቹ ተግባራት ለእነሱም የሚጠቅሙ ሆነው ታይተዋል።

የግኝቱ ወሰን

እነዚህን አኃዞች በጥንቃቄ መረዳት ያስፈልጋል። ጥናቶቹ በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ግንኙነት የሚያሳዩ እንጂ አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን በራሳቸው የሚያረጋግጡ አይደሉም። አንድ ሰው ማንበብ ያቆመው አንጎሉ ቀድሞ መዳከም በመጀመሩ ሊሆን ይችላል። አዘውትሮ የሚንቀሳቀስ ሰው ደግሞ የተሻለ ገቢ፣ ትምህርትና ሕክምና የሚያገኝ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎቹ እነዚህን ልዩነቶች በስሌት ለማስተካከል ቢሞክሩም፣ ሙሉ በሙሉ ማስወገድ አይቻልም።

ሌላው ወሰን የሕዝቡ ስብጥር ነው። የኦልምስተድ አውራጃ አረጋውያን በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን በመሆናቸው፣ በእነሱ ላይ የተገኘው ውጤት ለሌላው ሕዝብ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። ለዚህም ከአፍሪካ የሚጠቀስ ምሳሌ አለ። በናይጄሪያ ኢባዳን የሚኖሩ የዮሩባ አረጋውያንና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ አፍሪካ አሜሪካውያን በአንድ ዓይነት ዘዴ የተጠኑ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት በዓመት በአልዛይመር የሚያዙት በኢባዳን 1.15 በመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ 2.52 በመቶ ነበሩ። ይህ ልዩነት የሚያሳየው እያንዳንዱ አገር ስለ ራሱ ሕዝብ ራሱ ማጥናት እንዳለበት ነው።

ይሁን እንጂ አጠቃላይ አቅጣጫው በሌሎችም ጥናቶች የተደገፈ ነው። በላንሴት መጽሔት ሥር የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 አጋላጭ ምክንያቶችን የዘረዘረ ሲሆን፣ እነዚህን ማስወገድ ቢቻል ከሕመሙ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ከተዘረዘሩት መካከል የትምህርት ማነስ፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ትምባሆ ማጨስ፣ ድባቴ፣ የአካል እንቅስቃሴ ማነስና ከሰው ተለይቶ መኖር ይገኙበታል።

በመድኃኒት ረገድም መጠነኛ መሻሻል ታይቷል። ሌካኔማብ የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2023፣ ዶናኔማብ የተባለው ደግሞ በ2024 በአሜሪካ መደበኛ ፈቃድ አግኝተዋል። ሁለቱም የሚሰጡት በሽታው በመለስተኛ ወይም በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ለሚገኝባቸው ሰዎች ብቻ ሲሆን፣ የሚያደርጉትም ጉዞውን ማዘግየት እንጂ ማዳን አይደለም። በደም ሥር የሚሰጡና ተከታታይ የአንጎል ምስል ምርመራ የሚጠይቁ በመሆናቸው ዋጋቸው እጅግ ከፍተኛ ነው። ስለሆነም አቅማቸው ውስን ለሆነ አገሮች መከላከልና በጊዜ ማወቅ ቀዳሚ አማራጮች ናቸው።

ለመንግሥት ሠራተኛው ምን ይላል?

በ2010 ጥናት የጎልማሳነት ዕድሜ ተብሎ የተወሰደው ከ50 እስከ 65 ዓመት ያለው ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት በመሆኑ፣ ይህ ጊዜ የአገልግሎት የመጨረሻዎቹን አሥር ዓመታትና የጡረታ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ያጠቃልላል። በመጀመሪያው ክፍል ሠራተኛው ቀኑን በወንበር ላይ ያሳልፋል። በሁለተኛው ክፍል ደግሞ ከሥራ ባልደረቦቹ፣ ከዕለታዊ ኃላፊነቱና ከንባብ በአንድ ጊዜ ሊለይ ይችላል።

በመሆኑም ጡረታ መውጣት የሰነድና የአበል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ለጡረታ የተቃረቡ ሠራተኞች የደም ግፊታቸውንና የስኳር መጠናቸውን እንዲለኩ ማበረታታት፣ የመስማትና የማየት ችግራቸው በጊዜ እንዲታይ ማድረግ፣ ልምዳቸውን ለወጣት ባልደረቦቻቸው የሚያስተላልፉበትን መንገድ ማመቻቸት ብዙ ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው። ጡረተኛው ያካበተው እውቀት ለመሥሪያ ቤቱ የሚጠቅመውን ያህል፣ ሲጠየቅና ሲያስረዳ መዋሉም ለራሱ አእምሮ የሚጠቅም ሊሆን ይችላል።

ሐረር፦ ልማድ አለ፤ መዝገብ ያስፈልጋል

በጥናቶቹ የተዘረዘሩት ተግባራት ለሐረር ነዋሪ እንግዳ አይደሉም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር እንደታጠረች የሚነገርላትና አምስት በሮች ያሏት የጀጎል ግንብ ውስጥ ያለችው ጥንታዊ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። የከተማዋ መተላለፊያዎች ጠባብና ቁልቁለት የበዛባቸው በመሆናቸው ነዋሪው ወደ ገበያም ሆነ ወደ መስጊድ በአብዛኛው የሚሄደው በእግሩ ነው። የሐረሪ ሴቶች የሚሰፉት በቀለማት ያሸበረቀ ስፌት የእጅ ብልሃትን፣ ቆጠራንና ንድፍን በአእምሮ መያዝን የሚጠይቅ ሙያ ነው። ከተማዋ በመጻሕፍት ግልበጣና ጥረዛም ትታወቃለች።

ከሁሉም በላይ አፎቻ የተባለው የመረዳጃ ማኅበር ይጠቀሳል። ወንዶችም ሴቶችም በየራሳቸው የሚደራጁበት አፎቻ፣ በሠርግም በሐዘንም አባላቱን የሚያሰባስብ በመሆኑ አረጋዊው ከሰው ተለይቶ እንዳይኖር ያደርጋል። ከሥራ የወጣ ሰው ከአፎቻው አይወጣምና። በሌሎች የአገራችን አካባቢዎች እድርና ማኅበር ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣሉ።

ይሁን እንጂ እነዚህ ልማዶች የሐረርን አረጋውያን ከመርሳት በሽታ ጠብቀዋል ብሎ መደምደም አይቻልም። ይህን ለመናገር ሰዎችን በስም፣ በዕድሜና በመኖሪያ አድራሻ ለይቶ ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ልምድ የሌላት አገር አይደለችም። በነርቭ ሕክምና ፋና ወጊ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ማብቂያ ላይ በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት በመዘዋወር 60 ሺህ 820 ሰዎችን ያካተተ ጥናት ያካሄዱ ሲሆን፣ የሚጥል በሽታ ከሺህ ሰው 5.2 በሚሆኑት ላይ መኖሩን ያወቁት በዚሁ መንገድ ነው።

በምሥራቁ የአገራችን ክፍልም መሠረቱ ተጥሏል። የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ በሐረር ከተማ የሚገኘው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ቀርሳ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ አቋቁሞ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባል። በሐረር ከተማ ውስጥም ተመሳሳይ ጣቢያ አለው። የእነዚህ ጣቢያዎች ሥራ ይበልጥ የሚታወቀው በእናቶችና በሕፃናት ጤና ቢሆንም፣ ያው መዝገብ የአረጋውያንንም ሁኔታ ለማጥናት ሊያገለግል ይችላል።

ይህን ለማድረግ አስቀድሞ መፍትሔ የሚሹ ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። ያን ጊዜ ተወልዶ የተመዘገበ ሕፃን 65 ዓመት የሚሞላው በ2073 ዓ.ም ይሆናል። የዛሬዎቹ አረጋውያን አብዛኞቹ የልደት ሰነድ ስለሌላቸው፣ ዕድሜያቸው የሚገመተው እንደ ጣሊያን መውጣት፣ እንደ 1966ቱ አብዮት ወይም እንደ ሶማሊያ ወረራ ባሉ ታላላቅ ክስተቶች ነው። የዕድሜ ስሕተት አምስት ዓመት በሆነበት ቦታ በጤናማ እርጅናና በበሽታ መካከል ያለውን ልዩነት በትክክል መለካት አዳጋች ነው።

ሁለተኛው የፈተናው ይዘት ነው። በሐረር ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ ይነገራሉ። ለተማሩ አሜሪካውያን የተዘጋጀን መጠይቅ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መመለስ ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ “ዛሬ ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው?” የሚለው የተለመደ ጥያቄ፣ የኢትዮጵያን፣ የአውሮፓንና የሂጅራን አቆጣጠር ጎን ለጎን በሚጠቀም ሕዝብ ዘንድ ከአንድ በላይ ትክክለኛ መልስ አለው። ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ እናትም ፊደል የሚጠይቅ ፈተና ባይመልሱ ታመዋል ሊባሉ አይገባም። በኢባዳን ጥናት የታማሚውን ብቻ ሳይሆን የቅርብ ቤተሰቡን ምስክርነት የሚያካትት መጠይቅ ሥራ ላይ የዋለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የጤና ባለሙያዎች ዝግጁነት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ሲገቡ እናትንና ሕፃንን እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ በቤቱ ያሉት አረጋዊ በቅርቡ የጠባይ ወይም የማስታወስ ለውጥ አሳይተው እንደሆነ ቢጠይቁ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚላከው ሰው ቶሎ ይታወቃል። በጤና ጣቢያም የደም ግፊት፣ የስኳርና የድባቴ ምርመራ ማድረግ የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

የፕሮፌሰር ዮናስ ገዳ የምርምር ሕይወት ከአንድ ተመራማሪ ትጋት ባሻገር የሚያሳየው ነገር አለ። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የተጠቀሙበት መዝገብ እነሱ ሥራ ከመጀመራቸው ከብዙ ዓመታት በፊት በሌሎች እጅ የተጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ማኅደር ያደራጁት ሐኪም ሰነዱ ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ ስለ አልዛይመር ለሚቀርብ ጥያቄ መልስ እንደሚሰጥ ሊያውቁ አይችሉም ነበር።

ዛሬ በሐረር ወይም በሌላ ከተማ በሚገኝ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት የልደት ቀን በጥንቃቄ የሚሞላ፣ የሞት ምዝገባን ሳያስተጓጉል የሚያካሂድ፣ በጤና ጣቢያ የታካሚን ካርድ ሳያቀላቅል የሚያስቀምጥ ሠራተኛም ከዚህ የሚለይ ተግባር አይፈጽምም። የአረጋውያንን የማስታወስ ችሎታ የሚጠብቅ ምርምር በአገራችን ሥር የሚሰድደው፣ የመንግሥት መዝገብ ራሱ የማይረሳ ሆኖ ሲገኝ ነው።